እትዬን ካፒቶል ያስጎበኘሁ ቀን

እኔ ቁጭ ብዬ መጠበቅ አልችልም። ከልጅነቴ ጀምሮ ነው። ሐኪም ቤት ተራ ስጠብቅ እግሬ ብቻውን ይጨፍራል፣ ቀይ መብራት ላይ መሪውን በጣቴ እደበድባለሁ፣ ሰው ወሬውን ዳር ዳር ሲል «እሺ፣ ከዚያስ?» እያልኩ አስጨርሰዋለሁ። እንደኔ ላለ ሰው ምስጢር ሰጥቶ «እስከ ማታ ያዢው» ማለት ፍም አስጨብጦ ቁሚ እንደማለት ነው። ያን ማክሰኞ ጠዋት የደወሉልኝ ሰውዬ ይህን ጠባዬን አሳምረው ያውቁታል፣ ግን ደወሉ።

የደወሉት የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው። ጋሼ እንላቸዋለን። ኤርፖርት ስለሚሠሩ በዚያ ሰዓት ደውለው አያውቁም። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እትዬ አጠገብሽ ናቸው?» አሉኝ።

«ሻወር እየወሰዱ ነው» አልኩ።

«ደግ። ስሚኝ እንግዲህ፣ መርዶ መጥቷል። ሰው ከሥራ ወጥቶ እስኪሰበሰብ ድረስ ቤት ውስጥ አትቆዩ። እትዬን ይዘሽ ውጪ። ምግብ ሳትቀምሱም እንዳትመለሱ።»

«ወንድማቸው ናቸው?» አልኩ።

«ይሄ በስልክ አይወራም፣ እህቴ። ብቻ አደራ» ብለው ዘጉት።

ለእኔ ይህ በቂ ነበር። እትዬ ዘመዴ አይደሉም። ከኮሎራዶ ዋና ከተማ ጎን፣ ኦሮራ ውስጥ አንድ ታውን ሀውስ ተከራይተን እሳቸው ታች፣ እኔ ፎቅ እንኖራለን። የእሳቸው ልጆች ሌላ ስቴት ናቸው፣ የእኔ አባትና ወንድሞች አዲስ አበባ። እሳቸው የጎረቤት ልጆች ይጠብቃሉ፣ እኔ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነርስ ኤይድ ነበርኩ። በእምነት አንድ ነን፣ በጠባይ ግን ሰማይና ምድር። እትዬ አንድ ብርጭቆ ሻይ እስኪጨርሱ እኔ ቤት ጠርጌ፣ ልብስ አጥቤ፣ ከስልክ ካምፓኒው ጋር ተጣልቼ እጨርሳለሁ። ታላቅ ወንድማቸው አዲስ አበባ ሆስፒታል ከገቡ ሰንብተዋል። እትዬ በየማታው ካርድ እየፋቁ ይደውላሉ፣ መስመሩ እንቢ ሲላቸው ካርዱን ይገስጹታል። እንግዲህ መርዶ ከመጣ የሌላ የማን ይሆናል? ማንም ሰው እንደኔ ነበር የሚያስበው።

እኛ ዘንድ የሞት ወሬ እንደ አየር ጠባይ ዜና አይነገርም። አገር ቤት ቢሆን ጎህ ሲቀድ ጎረቤቱ ተሰብስቦ በር ያንኳኳል። እዚህ ጎህ ሲቀድ ሁሉም ሰው ሥራ ላይ ነው፣ ስለዚህ መርዶውም ሺፍት ይጠብቃል። እስከዚያ ባለሐዘኑን ማቆየት የአንድ ሰው አደራ ነው። አደራውን ያልጠበቀ ሰው ምን እንደሚያመጣ ደግሞ አይተናል። ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት አንዲት እህታችን ኮሜርስ ሲቲ መጋዘን ውስጥ ካርቶን እየጫነች ሳለ አንድ ችኩል ዘመዷ ደውሎ የእህቷን ሞት ነገራት። ሲሚንቶው ላይ ወድቃ ግንባሯ ተፈነከተ። አጠገቧ አማርኛ የሚሰማ አንድም ሰው አልነበረም። እትዬ ደግሞ ደም ግፊት አለባቸው። ያን ቀን የእኔ ሥራ አንድ ብቻ ነበር፦ እትዬ የወንድማቸውን ሞት ከኔ ፊት እንዳያነቡ፣ ከስልክ ወይም ከመንገደኛ አፍም እንዳይሰሙ፤ ቤታቸው ገብተው፣ ተቀምጠው፣ በሰው ተከበው እንዲሰሙ።

የት ልውሰዳቸው? ሞል ብወስዳቸው ሐበሻ ይሞላዋል። ሊትልተን የምትኖረው ጓደኛዬ ጋ እንዳልሄድ እሷ አፏ ክዳን የለውም። ዞር ብዬ ሳይ የእትዬ የዜግነት ፈተና መለማመጃ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። የኮሎራዶ ዋና ከተማ፣ የገዢው ስም፣ ሕግ የሚያወጣው ማነው። አገኘሁት አልኩ። ሶፋው ላይ የነበረውን የእትዬን ስልክ ከመደገፊያው ሥር ሸጉጬ ቆሜ ጠበቅኳቸው።

ሲወጡ «እትዬ፣ ዛሬ ካፒቶልን፣ የስቴቱን ምክር ቤት ሕንፃ፣ ላሳይዎት። ለኢንተርቪውዎ ይጠቅማል» አልኳቸው። ሌላ ቀን ቢሆን «ጉልበቴን ምን በድሎሽ ነው?» ነበር የሚሉት። ልጆቹንም «ለማን ልጣላቸው?» ይሉ ነበር። ልጆቹ ግን ያን ቀን አልመጡም፤ ይሄ የጋሼ ሥራ ነው ብዬ አመሰገንኳቸው። እትዬ ዓይን ዓይኔን አዩኝና «እሺ፣ ጫማዬን ላድርግ» አሉ። አንድ ጥያቄ እንኳ አልጠየቁም። እኔ ዕድሌ ነው አልኩ።

መኪና ውስጥ ቦርሳቸውን ጎረጎሩና «ስልኬን ረሳሁት። እስኪ ያንቺን ስጪኝ» አሉ። ምን ብዬ እከለክላለሁ? ሰጠኋቸው። ከፈቱት፣ አዩት፣ ለማንም ሳይደውሉ ቦርሳቸው ውስጥ ጣል አደረጉት። በገዛ እጄ የእሳቸውን ደብቄ የኔን አስረከብኩ። አንድ ሰው «ነፍስ ይማር» ሊለኝ ቢደውልና እሳቸው ቢያነሱትስ? ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ዓይኔ ከቡናማዋ ቦርሳ አልተነቀለም።

የኮልፋክስን ጎዳና ይዘን ወደ ምዕራብ ነዳሁ። መብራት ሁሉ እኔን ሲያይ ቀይ የሚሆን ይመስል ነበር። ካፒቶል ሂል ስደርስ ከሕንፃው ጀርባ፣ መጀመሪያ እዚህ ከተማ ስመጣ የተከራየሁበት ሰፈር ፓርክ አደረግኩ። ያኔ በየቀኑ አውቶብስ ለመያዝ በዚያ ባለ ወርቅ ጉልላት ሕንፃ ሥር እያለፍኩ አንድም ቀን ገብቼ አላውቅም። የመንግሥት ሕንፃ ነው፣ ያለ ጉዳይ አይገባም ብዬ ነበር የማስበው። ለካ በሩ ክፍት ነው፣ ማንም ዘው ብሎ ይገባል። ጥበቃው ቀና ብሎ እንኳ አላየንም።

ጉብኝቱ ሊጀመር ስለነበር ከሰው ጋር ተቀላቀልን። አስጎብኚዋ ሸበቶ ናት፣ ቀስ ብላ፣ ቃል በቃል እያኘከች የምትናገር። ከኛ ጋር አንድ ክፍል ተማሪዎችና ጡረታ የወጡ የሚመስሉ ባልና ሚስት ነበሩ። ጉልላቱ ሥር፣ መሐል ወለሉ ላይ አቆመችንና ቀና በሉ አለች። እትዬ አንጋጠው ቆዩ። የናሱ መደገፊያ፣ የነጩ እብነ በረድ ደረጃ፣ ሽቅብ እየጠበበ የሚሄደው ክብ፣ ያምራል፣ አልዋሽም። እኔ ግን አንጋጥጬ የማስበው እትዬ ቢያዞራቸው በየት በኩል እንደምደግፋቸው ነበር።

ግድግዳው ላይ ያለው ሮዝ ድንጋይ ከዚሁ ከኮሎራዶ ተቆፍሮ የወጣ ነው፣ የተገኘው ሁሉ እዚህ ሕንፃ ላይ አለቀ፣ ሌላ የለም አለች አስጎብኚዋ። ተረጎምኩላቸው።

«ታዲያ ቢሰነጠቅስ?» አሉ እትዬ።

«እሱን እኔ ምን አውቄ፣ እትዬ።»

«ጠይቂያታ።»

ጠየቅኳት። ሴትዮዋ ደስ አላትና ረጅም ታሪክ ጀመረች። ከዚያ ድንጋዩ ላይ የሰው ፊትና የእንስሳ ቅርጽ ፈልጉ ብላ ልጆቹን ለቀቀቻቸው። አንዱ ውሻ አየሁ ይላል፣ አንዷ ጢም ያለው ሰውዬ። እኔ ከአንዱ እግሬ ወደ ሌላው እየዘለልኩ «እሺ፣ እንቀጥል» እላለሁ በሆዴ፣ ወዲያው ደግሞ ለምን እንደምቸኩል ይጠፋኛል። ቶሎ ቢያልቅ የት ልንሄድ ነው? ሰውን ለማቆየት የተላከ ሰው ሲቸኩል አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ነበርኩ።

እትዬ ደግሞ ያን ቀን ሌላ ሰው ሆኑ። ሌላ ጊዜ ሱቅ ውስጥ ሁለት መደርደሪያ ካለፉ ወንበር የሚፈልጉት ሴትዮ እያንዳንዱን ሥዕል ቆመው አዩ። የፕሬዚዳንቶቹ ሥዕሎች ጋ ስንደርስ «የዚህኛው ስም ማነው? የዚያኛውስ?» እያሉ አስጎብኚዋን ራሷን አደከሟት። እኔ ይብስ አዘንኩላቸው። ምስኪን፣ አልኩ፣ ለፈተናው ነው እኮ፣ ዛሬ ማታ የሚጠብቃቸውን ሳያውቁ።

ምክር ቤቱ ስብሰባ ላይ ስለነበር ሰገነቱ ላይ ወጥተን ቁልቁል አየን። አንድ ሰውዬ ቆሞ ይናገራል፤ አንዱ ይበላል፣ ሁለቱ ይሳሳቃሉ፣ አንዲቱ ጀርባዋን ሰጥታው ወረቀት ትጽፋለች። እትዬ ጆሮዬ ሥር «ማንም አይሰማውም እንዴ?» አሉኝ። «እንዲህ ነው አሉ አሠራሩ» አልኩ። «እንደ ቤታችን ነው እንዴ?» አሉና ፈገግ ሊሉ ሲሉ ስልኬ ቦርሳቸው ውስጥ ጮኸ። የኔ ስልክ ያኔ ሲጮህ እንደ እሳት አደጋ መኪና ነው። ከታች ሳይቀር ቀና አሉ። እትዬ ቦርሳውን ከፈቱ፣ እኔም አንገቴን አስግጌ አየሁ፤ ቁጥሩ ረጅም ነው፣ የአገር ቤት። የእሳቸው ሰዎች እሳቸውን ቢያጡ በኔ በኩል ሊያገኟቸው ነው አልኩ። ስልኩን ለመንጠቅ እጄን ስዘረጋ እትዬ ጥርቅም አድርገው አጠፉት።

«ማነው?» አልኩ።

«የሚሸጥ ሰው ነው።»

እትዬ እኮ ሻጭ ሲደውልላቸው «ጌታ ይባርክህ» ብለው ስለ ልጆቹ የሚጠይቁ ሴት ናቸው። ቁጥሩን ካለ መነጽር ስላላዩት ነው አልኩና እፎይ አልኩ። ልብ ያላልኩት ነገር በጣም ብዙ ነበር፣ አሁን ሳስበው። ሰው ግን ማየት የፈለገውን ነው የሚያየው።

ጉልላቱ ላይ የሚያስወጣው ደረጃ ጠባብና ጠመዝማዛ ነው። አስጎብኚዋ ልብ ወይም ጉልበት የሚያመው ሰው ይቅር አለች። «እትዬ፣ ይቅርብን፣ ግፊትዎ» አልኩ። «አንቺ ትወጫለሽ፣ እኔም እወጣለሁ» ብለው ቀደሙኝ። በየመታጠፊያው ቆመው ተነፈሱ፣ እኔ ከኋላ ሆኜ ወገባቸውን ያዝኩ። ዛሬ እዚህ ደረጃ ላይ የሆነ ነገር ቢሆኑ ለጋሼ ምን እላቸዋለሁ እያልኩ፣ ጌታ ሆይ፣ አንተ ጨርሰው እያልኩ ወጣሁ።

ላይ ነፋስ አለ። በምዕራብ ተራሮቹ በረዷቸውን እንደያዙ ተደርድረዋል፣ በምሥራቅ ኮልፋክስ ቀጥ ብሎ ወደ ኦሮራ ይሄዳል። መንገዱን በዓይኔ ተከተልኩት። እዚያ ጫፉ ላይ አሁን አንዷ ወንበር ታመጣለች፣ አንዷ ውኃ ትጥዳለች፣ ጋሼ ለሰው ሁሉ ይደውላሉ እያልኩ። እትዬ ከአጠገቤ መደገፊያ ብረቱን ይዘው ቆመዋል፤ ተራራውንም መንገዱንም አያዩም፣ እኔን ነው የሚያዩት።

«አባትሽን መቼ ነው ያናገርሻቸው?» አሉኝ።

ቀኑን ሙሉ የቤተሰብ ወሬ እንዳይነሳ ስሸሽ ነበር፣ የኔ ከተነሳ የእሳቸው ይከተላላ። «እሁድ» አልኩ በአጭሩ።

«ምን አሉሽ?»

«ምን ይላል፣ ያው ጭቅጭቅ ነው። ጎረቤቱ አጥር ገፋብኝ ብሎ ቀበሌ ሄዶ ነበር። አንድ ክንድ ለማትሞላ መሬት።»

«አልቀየማቸውም?»

«ማን? ጎረቤቱ? አባባ እኮ ማለዳ ተሰዳድቦ ማታ አብሮ ካርታ የሚጫወት ሰው ነው። ይሄን እሳት ጠባዬን ከማን የወረስኩት ይመስልዎታል?»

እትዬ ሳቁ፣ ሳቃቸው ግን መሐል ላይ ቀረ። «ደግ ሰው ናቸው» አሉ። «ለኔም ሁሌ ሰላምታ ይልኩ ነበር።» ከዚያ ጥያቄ በጥያቄ ላይ፦ ልጅ ሆነሽ ይቆጡሽ ነበር ወይ፣ ትምህርት ቤት ማን ነበር የሚያደርስሽ፣ ወደዚህ ስትመጪ ምን ብለው መረቁሽ። እኔ ችኩሏ አሳጥሬ አሳጥሬ መለስኩ። ሲመርቀኝ እጁን ራሴ ላይ ጭኖ ቃል አጥቶ ዝም እንዳለ ነገርኳቸው፣ ያንን ለማንም ነግሬ አላውቅም ነበር። ወዲያው «እንውረድ እትዬ፣ ይበርድዎታል» አልኩ። ዛሬ ቢጠይቁኝ እስከ ማታ ላወራላቸው የምችለውን ነገር።

ምድር ቤቱ ውስጥ ትንሽ ካፌ ነበረች። ለእሳቸው ሾርባ አዘዝኩ፣ እሳቸው ደግሞ ሳልጠይቃቸው ለኔ ትልቅ ሳንዱች በጣታቸው አሳይተው አስመጡ። እዚያ የሆነውን ሳስታውስ ዛሬም ላልቅስ ልሳቅ አላውቅም። መርዶ የሚሰማ ሰው ከሰማ በኋላ እህል አይቀምስምና አስቀድሞ መብላት አለበት። እኔ ሾርባውን ወደ እሳቸው እገፋለሁ፣ እሳቸው ሳንዱቹን ወደኔ።

«ይብሉ እንጂ እትዬ።»

«አንቺ ብዪ። ከጠዋት ጀምሮ ምን ቀመስሽ?»

«እኔ ወጣት ነኝ፣ እርስዎ መድኃኒት ይወስዳሉ።»

«ብዪ አልኩሽ።»

«በ...» ብዬ አፌን ዘጋሁ። በሞቴ ይብሉ ልል ነበር። አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም የሚባለው እውነት ነው። እትዬም ያን ቀን «በሞቴ» አላሉም። ሌላ ቀን አንዲት ጉርሻ ለማስገባት በሞታቸውም በልጆቻቸው ሞትም የሚምሉት ሴትዮ «ስለ ጌታ ብለሽ ብዪ» እያሉ ነበር የለመኑኝ። ሁለታችንም ከዚያች ቃል ስንሸሽ ዋልን። በመጨረሻ እኔ እንዲበሉ ብዬ በላሁ፣ እሳቸውም እኔ እንድበላ ብለው ጠጡ።

የመኪናው ማቆሚያ ሰዓት ስላለቀ ሙቭ ላድርገው ብዬ ወጣሁ። ስወጣ እየሮጥኩ፣ ስመለስም እየሮጥኩ፤ ብቻቸውን ሆነው ሰው ቢያገኛቸውስ እያልኩ። ስመለስ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ።

«ምነው እትዬ? ምን ሆኑ?»

«ጉንፋን ሊይዘኝ ነው መሰለኝ» አሉ።

ነቅተዋል አልኩ። ሸትቷቸዋል፣ የእህት ሆድ እኮ ያውቃል። ተቀምጬ ትከሻቸውን አቅፌ ልንገራቸው ሁሉ ቃጣኝ። ምላሴ ጫፍ ላይ ደረሰ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ዋጥኩት፣ ተነስቼ ደግሞ ያላየነውን መስኮት ላሳይዎት አልኳቸው። ባለቀለሙን መስተዋት ሁሉ ሁለቴ ሁለቴ አየን። አልሸሹም ዞር አሉ ማለት ይሄ ነው።

ፀሐይዋ ማዘቅዘቅ ስትጀምር በምዕራቡ ደረጃ ወጣን። ደረጃው ላይ ከባሕር ወለል አንድ ማይል ከፍታ የሚል ምልክት አለ፣ አንድ ብቻ ሳይሆን ሦስት ቦታ፣ በየጊዜው ለክተው በየጊዜው ስለተሳሳቱ። ለእትዬ ይሄን እየነገርኳቸው ሳለ ከታች፣ መንገዱ ዳር፣ ታክሲውን አቁሞ የቆመ ሰው አየሁ። ከኛ አጠገብ ያለው ሕንፃ ላይ የሚኖሩት ኤርትራዊ ሽማግሌ ናቸው። አስመራ በአማርኛ ተምረው ያደጉ፣ እትዬ ከኔ ይልቅ ከእሳቸው ጋር ሲያወሩ የሚዝናኑ። አዩን። ባርኔጣቸውን አወለቁ። እጃቸውን አጣምረው፣ ለለቅሶ ሲመጡ እንደሚመጣው አመጣጥ፣ ወደ ላይ መውጣት ጀመሩ።

እግዚኦ አልኩ። ሰምተዋል። እትዬን «እዚህ ይጠብቁኝ» ብዬ ደረጃውን ቁልቁል በረርኩ። መሐል ላይ ደርሼ ፊታቸው ተገተርኩ።

«ጋሽዬ፣ እባክዎ፣ ገና አልተነገራቸውም» አልኩ እያለከለክሁ። «ማታ ነው። እባክዎ ምንም እንዳይሉ።»

ሽማግሌው እኔን አዩኝ፣ ከትከሻዬ በላይ እትዬን አዩ፣ ተመልሰው እኔን አዩኝ። እትዬ ከላይ ራሳቸውን በጣም ቀስ አድርገው ሲነቀንቁ አላየሁም፣ በኋላ ነው የነገሩኝ። ሽማግሌው እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«አይዞሽ ልጄ» አሉኝ። «እግዚአብሔር ያበርታሽ። ማታ እመጣለሁ።»

ዓይናቸው እንባ ሞላ። እኔ እንዲህ ያለ አደራ ተሸክሜ መዋሌ ገብቷቸው ነው አልኩ። እውነት ለመናገር ኮራሁ። ቀኑን ሙሉ ስንቀጠቀጥ ውዬ አንድ ሰው እንኳ ሸክሜን አየልኝ ብዬ።

ኮልፋክስን ይዘን ስንመለስ እትዬ ግራ እጃቸውን ከመኪናው ማርሽ አጠገብ፣ እጄ ላይ ጭነው መጡ። እኔ ሬዲዮ ከፈትኩ፣ ዘጋሁ፣ መስኮት ከፈትኩ፣ ዘጋሁ። በረንዳችን ላይ ጫማ ተደርድሮ ሲያዩ ምን እላለሁ? የጸሎት ፕሮግራም ነው እላለሁ። መኪናው መንገዱን ሞልቶ ሲያዩስ? ሐበሻ በሥራ ቀን አንድ ቤት ደጅ ላይ ያን ያህል መኪና ካየ ጥያቄ አያስፈልገውም። ወደ ሰፈራችን ስታጠፍ ግራና ቀኙ ሞልቷል፣ የአንዱ መኪና አፍንጫ ሣሩ ላይ ወጥቷል። የፊታቸውን መለወጥ ጠበቅኩ። እትዬ ግን «እዚያ ጋ ፓርክ አድርጊ» ብቻ ነው ያሉኝ።

ከመኪና አውርጄ ወገባቸውን አቀፍኩ። እሳቸውም አቀፉኝ። ሲወድቁ እንዳያመልጡኝ ብዬ ጠበቅ አደረግኳቸው፣ እሳቸውም ጠበቅ አደረጉኝ። በሩ ሳይንኳኳ ተከፈተ። ሳሎኑ ጢም ብሏል፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፣ ወንዶቹ ቆመዋል፣ ሕፃን እንኳ አይጮህም። ቀደም ሲል ባሰብኩት መሠረት እትዬን ወደ ትልቁ ሶፋ መርቼ አስቀመጥኳቸው። ውኃ አምጡ አልኩ። አንዷ እህት ብርጭቆውን አመጣች፣ ተቀብዬ ከጎናቸው ቆምኩ፣ ሲጮሁ ፊታቸውን ልረጭ። ከነርስ ኤይድነት ሥራዬ የማውቀውን ሁሉ በአእምሮዬ ደረደርኩ። ግፊት መለኪያው ፎቅ፣ መሳቢያው ውስጥ ነው።

ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። መሐል ላይ ወጡ። ዓይናቸው ግን እትዬ ላይ አልነበረም።

«ተቀመጪ የኔ ልጅ» አሉኝ እትዬ፣ ቀሚሴን እየጎተቱ።

«እኔ ልቁም እትዬ፣ እኔ ደህና ነኝ» አልኩ። «እርስዎ ይደገፉ።»

ብርጭቆውን ከእጄ ወሰዱና መሬት ላይ አስቀመጡት። ሁለት እጄን ያዙ።

«ወንድሜ ደህና ነው» አሉኝ። «ዛሬ ጠዋት አናግሬዋለሁ። ነገ ከሆስፒታል ይወጣል።»

እኔም ደስ አለኝ። ቀኑን ሙሉ የቀበርኳቸው ሰው ተነሱልኝ፣ ትከሻዬ ላይ የዋለው ሁሉ ወረደልኝ። ያ ሁሉ ሰው አንገቱን ደፍቶ በቆመበት፣ ጮክ ብዬ «ተመስገን» አልኩ።

ከዚያ ጋሼ የአባቴን ስም ጠሩ።